ጎበዝ ያልናት ሴት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ዳይሬክተሩም ተነሥቶ «ሲስተር ብዙነሽ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ጎበዝና ታዛዥ ሠራተኛ ነበረች» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ታዛዥ? እኔ? ሰውዬው አዲስ ስለሆነ ከእነማን ጋር ስናቆር እንደኖርኩ አልነገሩትም። «ጎበዝ» ያላት ነገር ደግሞ ጭራሽ አንገበገበችኝ።

ይህችን ቃል የምጠላበት ምክንያት አለኝ። ጎበዝ ተብላ የሞተች ሴት አውቃለሁ። ያሏትን ሁሉ ስላደረገች፣ አፏን ይዛ ስለተቀመጠች ሞተች። ጋቢውን ለብሼ እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ ፈገግ ስል የማስበው እሷን ነበር። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ቁም ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት፤ እስከ ዛሬ አልለበስኩትም።

ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነበር። የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ሰው ኦፕራሲዮን ሆኖ ሲድን የሚያመሰግነው የቀደደውን ሐኪም ነው፤ እኛን ፊታችንን እንኳ አያስታውሰንም፣ ተኝቶ ነዋ! ይሁን፣ ለምስጋና አልሠራሁም። ግን አንድ ነገር እወቁልኝ። ማስተኛት ቀላል ነው፤ መርፌ መግፋት የቻለ ሁሉ ያስተኛል። ከባዱ የተኛው ሰው ደም ከእግሩ እስከ አናቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው። የምናስተኛበት መድኃኒት የደም ሥርን ያላላል፣ ግፊትን ያወርዳል። በቂ ፈሳሽ ያለው ሰው ትንሽ ወረድ ይልና ይቆማል። የደረቀ ሰው ግን ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ኩላሊቱ ደም እስኪያጣ ድረስ ይወርዳል። እሱ ተኝቷል፤ «ዞረብኝ፣ ያዙኝ» ብሎ አይናገርም። የሚናገርለት አጠገቡ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሲሬ ጤና ጣቢያ በተራ ነርስነት ነው። ከዚያ ኦጎልቾ አዛወሩኝ። ሳጉሬ ብርድ ውስጥ ላደገ ሰው የኦጎልቾ ሙቀት ቅጣት ነው፤ ደመወዙም እንደ ቅጣት ነበር፣ እሱን ተዉት። ቆይቼ ማደንዘዣ እንድማር አዲስ አበባ ተላክሁ፤ ስመለስ በአንድ የደጋ ከተማ ሆስፒታል ተመደብኩ። ስሙን አልጠራም። ዛሬ የምኖረው አሰላ ነው፣ ያ ሆስፒታል ግን የአሰላ አይደለም፤ ማንም ሄዶ የማያውቀውን ሰው እንዳይሳደብ ብዬ ነው።

እዚያ የጠበቁኝ ጋሽ ገመቹ ነበሩ። ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት ብቻቸውን ሰው ሲያስተኙ የኖሩ፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው። የመጀመሪያ ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል እጠብቃቸዋለሁ፣ የሉም። ብፈልግ ብፈልግ መኝታ ክፍል አገኘኋቸው። ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ በአንድ እጅ፣ ብርጭቆ በሌላው ይዘው በአልጋዎቹ መካከል ይዞራሉ። ዕለቱን ኦፕራሲዮን የሚደረገውን እያንዳንዱን ሰው ምላሱን ያስወጡታል፣ ደረቱ ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገው ይለቁታል፤ ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ ፊታቸው ይለወጣል። ከዚያ ይጠይቃሉ። አማርኛ ለሚያውቀው «መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?»፤ ለኦሮሞዎቹ «ዮም ዱግዴ?»፣ መቼ ጠጣህ እንደማለት ነው። ከዚያ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ እስኪጠጣ ድረስ ከአልጋው ንቅንቅ አይሉም።

«ጋሽ ገመቹ፣ ትምህርት ቤት ‹ምንም ቀምሰሃል ወይ?› ብላችሁ ጠይቁ ነው የተባልነው» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «‹ሰርቀሃል ወይ?› ብለሽ ብትጠይቂ ‹አዎ› የሚልሽ አለ? ‹ቀምሰሻል ወይ?› ካልሻት ጥፋት የጠየቅሻት ይመስላታል። ‹ኧረ ምን ቆርጦኝ!› ትልሻለች። ‹መቼ ጠጣሽ?› ስትያት ነው መጠጣት እንደሚገባት የሚገባት።»

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከኦፕራሲዮን በፊት ምግብ የሚከለከለው የተኛ ሰው ካስመለሰው ወደ ሳንባው ስለሚገባ ነው። ይህ ልክ ነው። ንጹህ ውሃ ግን ሆድ ውስጥ አይቆይም፤ ማደንዘዣው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ መጠጣት ይቻላል። አንጀቱ የታጠፈ ወይም ምጥ የያዛት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የቀረው ግን ይጠጣል። ይህ ምስጢር አይደለም፣ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፣ ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታል። ዋርድ ሲደረስ ግን ሁሉም «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃም ቢሆን» ይላል። ለምን? ድሮም እንዲህ ስለሚባል! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋሽ ገመቹ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። በሽተኛው ራስጌ ቆመው የግራ እጃቸው ጣቶች ሁልጊዜ ጆሮው ፊት ካለችው የደም ሥር ላይ ናቸው። ማሽኑ ግፊት ለክቶ እስኪያሳይ እሳቸው በጣታቸው ቀድመው ያውቃሉ። ትርታዋ ስትሳሳ መጀመሪያ የሚያስተኛውን ጋዝ ይቀንሳሉ፣ ግሉኮሱን ይለቃሉ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ ይላሉ፤ ያ ካልሆነ «ዶክተር፣ እጅህን አንሣ!» ይላሉ። ሐኪሙ ማንም ይሁን ማን እጁን ያነሣል። «በሬውን ሳያጠጣ የሚጠምድ ገበሬ አይቼ አላውቅም፤ ለሰው ሲሆን ምን ነካን?» የሚሏት ነገር ነበረቻቸው። ጡረታ ሲወጡ ጆጉን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሽልማት ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከጋቢው እሷ ትበልጥብኛለች።

እሳቸው በወጡ በዓመቱ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ሥራ ይፋጠን አለ። የማደንዘዣ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት በየአልጋው ምን ያዞረዋል? በሽተኛ ማዘጋጀት የዋርድ ነርሶች ሥራ ነው፣ እናንተ በሰዓቱ ኦፕራሲዮን ክፍል ተገኙ። ጆጓም ለጽዳት አትመችም ተብላ ተከለከለች። ተከራከርኩ። «ሲስተር፣ ውሃ ማደል የአንቺ ሙያ ነው?» አለኝ፤ ስብሰባው ሳቀ። እኔም «ነው እንጂ! ለዚህም ነው የምጮኸው» አልኩት። ማን ይስማኝ! ጆጌን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

እትዬ በላይነሽ የመጡት በነሐሴ፣ ፍልሰታ ጾም ላይ ነው። ከሳጉሬ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው፣ አምሳን አለፍ ያሉ፣ ጠንካራ ሴትዮ። እንቅርት ነበረባቸው፤ በእኛ ደጋ ብርቅ አይደለም። የእሳቸው ግን አድጎ አንገታቸውን ወደ ጎን ገፍቶታል፣ ሻሽ ሳይጠመጥሙበት ከቤት አይወጡም። ልጃቸው ትዕግስት በጥር ልታገባ ነው። «በልጄ ሠርግ አንገቴን ሸፍኜ ጥግ አልቀመጥም፣ ከሙሽራዋ አጠገብ ነው ፎቶ የምነሣው» ይሉ ነበር አሉ። ለዚህ ነው የመጡት። ሳይሞቱበት ሊኖሩ የሚችሉበትን ነገር ለፎቶ ብለው ሊያስወጡት መጡ፤ እኛን አምነው።

የመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፋ። ተሰረዘ። ለእሳቸው ግን የነገራቸው የለም፤ «ይጠሩኝ ይሆናል» ብለው እስኪመሽ ጠበቁ። ማታ የጾም ትንሽ ነገር ቀመስ አደረጉና «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም» ተባሉ። በማግስቱ ልጅ አልወለድ ብሏት የመጣች እናት ጠረጴዛውን ያዘች፤ ይያዝላት፣ ትክክል ነው። ግን ለእትዬ በላይነሽ «ለዛሬ ቀርቷል፣ ይጠጡ» ያለ ሰው የለም። ጾሙም አለ፣ ትእዛዙም አለ፤ ሁለቱን ደርበው ጠበቁ። ጠዋት ጠዋት ነርሷ በአልጋቸው ታልፋለች። «እናት፣ ምንም አልቀመሱም አይደል?» «ኧረ ምን ቆርጦኝ ልጄ! የውሃ ጠብታ ባፌ አልዞረም።» «ጎበዝ!» ሦስት ጠዋት ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ። ሴትየዋ ፈተና ያለፉ ያህል ደስ ይላቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ አገኘኋቸው። ምላስዎን ያሳዩኝ አልኳቸው፤ እንደ ደረቀ ጨርቅ ነበር። «ዶክተር፣ እኚህ ሴትዮ ደርቀዋል። ሁለት ከረጢት ግሉኮስ በዝግታ ይግባላቸውና ከሰዓት እንጀምር» አልኩ። ቀዳጁ ሐኪም ወጣት ነው፣ እጁ የተባረከ፣ አይካድም፤ ጆሮው ግን የለም። «ሁለቴ ተሰርዟል፣ ሦስተኛ ከሰረዝን ቤተሰቡ ይጮኻል። አንዱን ቶሎ ልቀቂና እንሂድ» አለ። አንዱን አስገባሁ። እትዬ በላይነሽ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ጠባሳው ጉልህ ይሆናል?» አሉኝ። «ኧረ አይታይም፣ ሐብል ይሸፍነዋል» አልኳቸው። ሣቁና ተኙ።

ግፊታቸው ወዲያው ወረደ። ጋዙን ቀነስኩ፣ ሁለተኛውን ከረጢት ጨምቄ ለቀቅኩ፣ እግር አስነሣሁ። ከፍ አለና ተመልሶ ወረደ። ግፊት ከፍ የሚያደርገው መድኃኒት ከመጋዘን አልቋል፤ አድሬናሊን አቅጥኜ በጥቂት በጥቂቱ ሰጠሁ። ጣቴን ጆሯቸው ፊት አድርጌያለሁ፤ ትርታዋ እየሳሳች እየሳሳች መጣች። «ዶክተር፣ ግፊቷ ወርዷል፣ እጅዎን ያንሡ!» አልኩ።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምን ሆነሻል፣ ሜዳው እንዴት እንደሚያምር አታይም? አንድ ጠብታ ደም የለም! እንደዚህ ንጹህ እንቅርት ሠርቼ አላውቅም፤ ባለበት ተዪው።»

ሜዳ የሚሉት የቀደዱትን ቦታ ነው። ደም የለማ! ከየት ይምጣ? ግፊት የሌለው ሰው ምን ይደማል! ሰው እየደረቀ ነው እኮ፣ እሱ ግን ሜዳው አማረለት! «ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ይቀጥላል» አለ ደግሞ። ያን ጊዜ «እርስዎ» የምትለው ቃል ከአፌ ጠፋች። «አንተ ሰውዬ፣ ማሽኑን ተወው፣ ጣቴ ነው የሚነግረኝ! እጅህን አንሣ!» ብዬ ጮኽኩ። እጁን አነሣ፤ ጥቂት ጠብቆ ቀጠለ። እንደገና ጮኽኩ፣ እንደገና ቀጠለ። በትግል ጨረስን። እንቅርቱ ወጣ፣ ስፌቱ ያማረ ነበር፣ ሴትየዋም ነቁ። ዶክተሩ ጓንቱን እያወለቀ «ይኸው፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን ነበር?» አለኝ።

በማግስቱ ሽንት የለም። በሦስተኛው ቀን ፊታቸውም እግራቸውም አበጠ። አዲስ አበባ ተላኩ፤ ኩላሊት የሚያጥበው ማሽን ወረፋ ሳይደርሳቸው አረፉ። አስከሬኑ የመጣው ፍልሰታ ሲፈታ ነው።

ግምገማ ተቀመጥን። ዳይሬክተሩ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይመልሳል። በሽተኛዋ ፈርማለች? ፈርማለች። ከምግብና ከውሃ ተከልክላለች? ተከልክላለች፣ በደንብ! ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል? ተሳክቷል። እንግዲያው ኩላሊቷ ድሮም ታሞ ይሆናል ተባለ። እኔ ተነሣሁ። «ኩላሊቷ ደህና ነበር። ሦስት ቀን አስጠምተን አድርቀናታል፣ ከዚያ ግፊቷ ሲወርድ ሜዳው አማረን። በጥም ነው የገደልናት!» አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ በር ላይ መወልወያዋን ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ነጭ ጋውን መካከል ያለቀሰች እሷ ብቻ ነበረች። በሳምንቱ እኔን ከኦፕራሲዮን ክፍል አንሥተው ካርድ ክፍል አስቀመጡኝ። የሚያስተኛ ሰው ሲያጡ መልሰው ጠሩኝ። ጆጌን ይዤ ተመለስኩ፤ ያን ጊዜ የሚከለክለኝ አልነበረም፣ ፈርተውኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያለ ውሃ አላስተኛሁም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ዘንድሮ አንዲት ሴት አሰላ ያለሁበት ቤት በሬን አንኳኳች። አንገቷ ላይ ሻሽ አለ። ስትፈታው እናቷን አየሁ።

«ትዕግስት እባላለሁ፣ የበላይነሽ ልጅ ነኝ» አለችኝ። «በስብሰባው የጮኹት እርስዎ ነዎት ብላ የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችኝ። እኔም ወጣብኝ፣ ኦፕራሲዮን ይደረግ ብለውኛል። ባለቤቴ ሂጂ ይለኛል፣ እኔ ግን እናቴ የሄደችበትን መንገድ እንዴት ልሂድ? ሁለት ልጆች አሉኝ። ሲስተር፣ በእናትዎ፣ እናቴን ምን ገደላት?»

ነገርኳት። አንዲት ነገር ሳላስቀር፤ መብራቱን፣ ወረፋውን፣ ጎበዝ ማለታችንን፣ ሜዳው ማማሩን። ስታለቅስ ቆየችና «ስለዚህ በውሃ ነው? በውሃ ብቻ?» አለችኝ። «በውሃና በጆሮ ማጣት» አልኳት። «ሂጂ። መተንፈስ ሳይከለክልሽ ይውጣ። እኔ አብሬሽ አለሁ።»

የተጻፈላት ወደ ሌላ ሆስፒታል ነው፤ የእሱንም ስም አልጠራም፣ ሁሉም ቤት አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብመጣ ልጅቷ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ተቀምጣለች። ተሰርዟል፤ ማንም አልነገራትም! እዚያው ዋርድ መካከል ቆሜ ጮኽኩ። «ምነው፣ ምነው፣ ሰው አይደለችም? ቀርቷል፣ ብዪ ጠጪ ማለት ስንት ብር ያስከፍላል?» አስታማሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘበኛ ተጠራ። ዘበኛው ድሮ ያስተኛሁት ሰው ሆኖ ተገኘና «ሲስተር፣ ቀስ ይበሉ፣ ግፊትዎ ይጨምራል» ብሎኝ ተመለሰ። በዚያ ንዴት መካከል ሳቄ መጣ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ሰማያዊዋን ጆግ ይዤ ደረስኩ። ትዕግስት ጠጣች። አጠገቧ የተኙት እናት «አንቺዬ፣ አይከለከልም እንዴ?» አሉ፤ ለእሳቸውም ያለባቸውን ጠይቄ ቀዳሁ። ቆይታ ነርሷ መጣች። ያቺን ጥያቄ ስትጠይቅ ከሩቅ አወቅኋት።

«ምንም አልቀመስሽም አይደል?»

ትዕግስት ቀና ብላ አየቻት። «ጠጥቻለሁ» አለች። «ሲነጋ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ። ሌላ ምንም አልበላሁም።»

«እንዴ! ይሰረዛል በያ!»

«አይሰረዝም!» አልኩ እኔ። «የማደንዘዣ ባለሙያውን ጥሪው።» መጣ፤ ልጅ እግር ነው። «ውሃ ብቻ? ሲነጋ?» አላት። ሰዓቱን አየ፤ ከጠጣች ሁለት ሰዓት አልፏል። «ጥሩ አድርገሻል» አለና ወደ እኔ ዞሮ «ከመጣሁ ጀምሮ እነግራቸዋለሁ፣ ማን ሰምቶኝ» አለኝ። ንዴቱን አየሁት፤ ደስ አለኝ። እንዲህ የሚናደድ ሰው ራስጌዋ ከቆመ ይበቃኛል። «ጣትህን ጆሮዋ ፊት አድርግ፣ ሜዳው አማረ ካሉህ እንዳትሰማቸው» አልኩት።

ውጪ አግዳሚው ላይ ከባለቤቷ ጋር ተቀመጥን። እሱ ዳዊት ይደግማል፣ እኔ የእናትየዋን ሣቅ አስታውሳለሁ፤ ሐብል ይሸፍነዋል ብያቸው ነበር። በሩ ሲከፈት የማደንዘዣው ልጅ ቀድሞ ወጣ። «ግፊቷ ፈቅ አላለም» አለኝ። ከኋላው አልጋውን እየገፉ አመጧት። አጎነበስኩባት። ዓይኗን በግድ ገለጥ አደረገችና በሻከረ ድምፅ አንዲት ቃል ተናገረች።

«ጠማኝ።»

ጨርቅ አርሼ ከንፈሯን ነካካሁላት። እናቷ በዚያ ሦስት ቀን አንድም ጊዜ ጠማኝ አላሉም። ጎበዝ ብለናቸው ነበራ!